የተሰረዘው «እንጃ»

የግራ ዓይናቸውን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ሁለተኛዋን ጠብታ ስትጨምር፣ አባቷ እንደ ሁልጊዜው ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ጉንጫቸው ላይ የፈሰሰውን በጥጥ ጠረገችላቸውና ሰዓቷን አየች። ቀጣዩ ጠብታ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስድስት ሳምንት ማንበብ ክልክል ነው ብሏቸዋል። ለእሳቸው ከቢላዋው ይልቅ ይህ ነው ያመማቸው።

«በይ እንግዲህ» አሉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ያቺን የክርክራችንን ጥራዝ አምጪና አንብቢልኝ። ሰው ሁሉ አንብቧት የተናገርኩት እኔ ብቻ ቀረሁ።»

ልጅቱ እጇ ላይ የቀረውን ጥጥ ጠቅልላ ጠቅልላ ምስር አሳከለችው። ይህ ቀን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ስድስቱ ሳምንት ቢያንስ እስኪያልቅ ይቆያል ብላ ነበር ተስፋ ያደረገችው።

የሥራ ባልደረቦቿ «ሰረዝ» ነው የሚሏት። የምትሠራው የስብሰባና የችሎት ድምፅ ተቀድቶ ሲመጣ ወደ ጽሑፍ በሚገለብጥ ቢሮ ውስጥ ነው። ሰው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ነጠላ ሰረዝ ካላስቀመጠች እንቅልፍ አይወስዳትም ብለው ያወጡላት ስም ነው። አጠገቧ የምትቀመጠው ሴትዮ ደግሞ «ይቺ ልጅ ሰረዝ ታደርጋለች እንጂ አትሰርዝም» እያለች ትቀልዳለች። እውነቷን ነው። በቢሮው ወግ ጽሑፍ «ይጸዳል» እንጂ አይነካም። ማጽዳት ማለት ሰው ሲናገር ከአፉ የሚንጠባጠቡትን ትርፍራፊዎች ማንሳት ነው። ዝርዝራቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ «እ…»፣ «ማለቴ»፣ «እንትን»፣ «ምን መሰለህ»፣ «እኔ እንጃ ብቻ»። ከዚያ ውጪ ያለው ቃል የተናጋሪው ነው። ሰረዝ በሰባት ዓመት ሥራዋ ከአንዲት ቃል በቀር የማንንም ቃል ነክታ አታውቅም።

ያቺ ቃል የአባቷ ነበረች። አባቷ ሰባኪ ናቸው። ከሦስት ወር በፊት በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ከአንድ የባዮሎጂ መምህር ጋር ስለ ፍጥረትና ስለ ዝግመተ ለውጥ ተከራክረው ነበር። መምህሩ ባዳ አይደሉም፤ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ፣ ሰረዝንም ሁለት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ እቤት ዳማ ሲጫወቱና በዚሁ ጉዳይ ሲነታረኩ እያየች ነው ያደገችው። አንዱ «ተጫወት አንተ ዝንጀሮ» ሲል ሌላው «ዝም በል አንተ ጭቃ» ይላል፤ ከዚያ ሻይ ይደገማል። አዳራሹ ውስጥ ግን ሦስት መቶ ሰው ነበር።

ክርክሩ አጋማሽ ላይ መምህሩ ስለ ዓሣ ነባሪ ጠየቁ። ዓሣ ነባሪ እግር የለውም፤ ሥጋው ውስጥ ግን እግር የማይያያዝባቸው ሁለት የዳሌ አጥንቶች ተቀብረዋል። መጀመሪያውኑ ለባሕር የተፈጠረ ከሆነ እነዚያ አጥንቶች የማን ትዝታ ናቸው? አባቷ ዝም አሉ። ሰረዝ ኋላ በቅጂው ላይ ስትለካው ዝምታው ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ።

«እንጃ። ይህን ያህል ዓመት የመረመርከው አንተ ነህ፣ እስቲ አንተ ንገረን።»

አዳራሹ ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበር፤ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማውም የመምህሩ የራሳቸው ነው።

ሲወጡ ግን የአባቷ ጸሎት ቤት ጉባኤ ሰብሳቢ በር ላይ ቆመው ለአንዱ ሽማግሌ ሲያንሾካሹኩ ሰማች። ሰውየው አርጅተዋል፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ እንጃ ይባላል ወይ ይሉ ነበር። እኚሁ ሰብሳቢ በሳምንቱ ቅጂውን ይዘው ቢሮዋ ድረስ መጡ። ክርክሩ ታትሞ ለምእመናን ሊታደል ነው፤ ከገዛ ልጃቸው የተሻለ ማን ይገለብጠዋል? ሲወጡ «ጥሩ አድርገሽ አጽጂው» አሏት፣ ሌላ አልጨመሩም።

አጸዳችው። «እንጃ» ዝርዝሩ ላይ አለ አይደል? ዝምታ ደግሞ በጽሑፍ አይታይም። ቃሏ ስትወጣ የቀረው «ይህን ያህል ዓመት የመረመርከው አንተ ነህ፣ እስቲ አንተ ንገረን» ሆነ፤ ከጎኑም በቅንፍ «ሳቅ»። ደግማ ስታነበው ክው አለች። እጁን የሰጠ ሰው ንግግር የሚያፌዝ ሰው ንግግር ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቢሆንም አልመለሰችውም። ከሦስት ገጽ በኋላ አንዲት ወጣት የመጀመሪያዋ ሕይወት እንዴት ጀመረች ብላ ጠይቃ፣ መምህሩ «እሱን እንጃ፤ እዚያ ላይ ገና ነን» ብለው መልሰው ነበር። ያንን «እንጃ» አልነካችውም። ይኼኛው መልስ ነው፣ ትርፍራፊ አይደለም አለች ለራሷ። ራሷ ግን አላመነቻትም።

አሁን ጥራዟ ጭኗ ላይ ናት። ታትማ ከወጣች ወር ሆኗታል። ማንበብ ጀመረች። አባቷ በየመሃሉ እዚህ ጋ ቸኩያለሁ፣ እዚህ ጋ ጥሩ አድርጎ ይዞኛል እያሉ ይከታተላሉ። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ደረሰች። የመምህሩን ጥያቄ አነበበች፤ ቆም አለች። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለችውን ቃል፣ እንዳለች ሁሉ፣ ከነአራት ነጥቧ አነበበቻት።

አባቷ እንደተጨፈኑ ፈገግ አሉ። «አልቀነሷትም ማለት ነው» አሉ። «ሰብሳቢው ያወጧታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያቺን ቃል ከአፌ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አታውቂም። በየሐሙሱ ስከለክለው የኖርኩት እሷኑ ነበር።»

ትንሽ ቆይተው፣ ታዲያ ያ ሰው ለምን ቀረ ሲሉ ራሳቸውን እንደሚጠይቁ ሆነው ጠየቁ። መምህሩ ወር ሙሉ ድርሽ አላሉም። ጓደኛቸው ዓይናቸውን ተሠርተው ሲተኙ እንኳ ብቅ አላሉም። ታሞ ይሆናል፣ ነገ ሄደሽ እይልኝ አሏት። ጥራዟም ሳትደርሰው ቀርታ ይሆናል፤ ያቺን ገጽ አጥፈሽ ስጪልኝ፣ ደስ ይለዋል።

ሰረዝ እሺ ብላ ገጹን አጠፈች። የመጀመሪያውን ጥፋት ስታጠፋ ብቻዋን ነበረች፤ የፈገገ ሰው አላየችም። ይኼኛው ፈገግታ ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤቱ ደረሰች። ኮሪደሩ ላይ ያገኘቻቸውን ሁለት ልጃገረዶች ቤተ ሙከራው በየት በኩል እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ አንደኛዋ «እንጃን ነው የምትፈልጊው?» አለቻት። አልገባትም። ሌላይቱ አፏን ይዛ እየሳቀች አስረዳቻት። የባዮሎጂ መምህራችን ቅጽል ስም ነው፤ እናቴ ከጸሎት ቤት ካመጣችው መጽሐፍ ነው ያገኘነው። እዚያ ውስጥ ሰባኪው ልክ ልካቸውን ነግሯቸው፣ እሳቸው መልስ ሲያጡ «እንጃ» ብለዋል። አሁን ክፍል ውስጥ ሰው ጥያቄ ሲጠይቃቸው፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንመልስላቸዋለን። «ለምደውታል» አለች ልጅቷ፣ የሰረዝ ፊት ሲለዋወጥ አይታ። ሰረዝ ወደ ቤተ ሙከራው አለፈች።

መምህሩ የማይክሮስኮፕ መስታወቶችን እያጠቡ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ። ስትገባ ቀና ብለው፣ መጀመሪያ የጠየቋት የአባቷ ዓይን እንዴት እንደዋለ ነው። የተሠሩበትን ቀን እንኳ ያውቁታል። እየተሻላቸው ነው አለቻቸው። ለምን እንደቀሩ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እጇ ላይ ያለችውን ጥራዝ አዩ፤ የታጠፈውንም ገጽ።

«ገጹን ያጠፈው እሱ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። አጥፈሽ ስጪልኝ ብለውኝ ነው።»

መምህሩ እጃቸውን አደረቁ። አልተቆጡም፤ እሱ ባሰባት። «የልጆቹ ቅጽል ስም ግድ የለኝም» አሉ። «በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልተሰጠኝ ስም የለም። ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ በጆሮዬ የሰማሁት ሌላ ነው። አባትሽ እንጃ አለኝ። እቤት ገብቼ ለባለቤቴ፣ የዛሬውን ሰውዬ ድፍረት ብታዪ አልኳት። ከዚያ ይሄ መጣ። ቃሉን መልሶ ወሰደና ፌዙን ተወልኝ። አሁን ደግሞ ገጹን አጥፎ ይልክልኛል።»

ሰረዝ ጥራዟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳቻት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«እሳቸው አላወጡትም» አለች። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። እስካሁን አያውቁም። ትናንት እንኳ ሳነብላቸው እንዳለ አድርጌ ነው ያነበብኩላቸው።»

መምህሩ ወንበር ሳቡ እንጂ አልተቀመጡበትም።  የጠበቀችው ተግሣጽ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ራሳቸው ነው የተናገሩት። ዕድሜ ልኩን ተማሪውን ማስረጃ ሳታይ አትመን ሲል የኖረ ሰው፣ የገዛ ጓደኛውን አንድ ጊዜ ሳይጠይቅ አራት ሐሙስ ፈረደበት አሉ፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ። ቀጥለው ቀና ብለው አዩዋት።

«የእኔን ጥፋት አንቺ ላይ አልደርብም፤ የራስሽ ይበቃሻል» አሉ። «ለአባትሽ ግን እኔ አልነግረውም።»

ጥራዟን አልተቀበሏትም።

ከሥራ ስትመለስ አባቷ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ታሟል ወይ አሏት። አልታመሙም አለች። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሰብሳቢው በር ላይ ያሉትን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር፣ በቅንፍ የቀረውን ሳቅ፣ የተማሪዎቹን ስም አወጣጥ፣ ትናንት ወረቀቱ ላይ ሳይኖር ያነበበችላቸውን። አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አሉ።

«አዎ…» ብላ ጀመረችና ቀሪው አልወጣ አላት። የሰው ንግግር ስታጸዳ የኖረች እጇ የራሷንም መልስ ሊያጸዳላት ይችል ነበር። «አይደለም፣ አባባ» አለች። «አርጅተዋል ሲሉዎት ያፈርኩት እኔ ነኝ። ደግሞም ፈራሁ። እርስዎ እንጃ ካሉ እኔ ምን ይዤ ልቆም ነው ብዬ።»



«እግዚአብሔር ዓለምን እንደፈጠረ አምናለሁ» አሉ አባቷ፣ ቀስ ብለው። «ያ አጥንት እዚያ ውስጥ ለምን እንዳለ ግን አላውቅም። ሁለቱ አንድ አፍ ውስጥ ሲያድሩ ነው የኖሩት። ያን ዕለት ሁለቱንም አንድ ላይ አወጣኋቸው። አንቺ አንዷን ነቅለሽ፣ በጓደኛዬ የማላግጥ ሰው አድርገሽ አሳተምሽኝ። ምእመናኑ በየቤታቸው ያስቀመጡት ያንን ሰው ነው።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። እጃቸውን ዘርግተው በዳበሳ ክንዷን ያዙ። «ይቅር ብዬሻለሁ። ይቅርታዬ ግን ገጹን አያርመውም።»

ሰብሳቢው ነገሩን ሲሰሙ የተረሳ ነገር ምን ያስነሳዋል ብለው ነበር። አባቷ እሑድ ራሳቸው ቆሜ እናገራለሁ ስላሉ ግን ጥራዞቹ ያሉበትን የዕቃ ቤት ቁልፍ ሰጧት። ከታተሙት አምስት መቶ ጥራዞች ሳይታደሉ የቀሩት መቶ ሠላሳ ሁለት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የት እንዳሉ ማን ያውቃል። የተማሪይቱ እናት ቤት ያለችውን ታውቃለች፤ የቀሩትን አታውቅም። በስልክ አባቷና መምህሩ ምን እንደተባባሉም አታውቅም፤ አባቷ መነጋገሪያውን ሲያነሱ በሩን ዘግታላቸው ነው የወጣችው።

ቅዳሜ ጠዋት የእርማት ወረቀቱን ጻፈች። ቃል ሲቀር በሙያው «ወድቋል» ነው የሚባለው፣ ማንም ሳይነካው በራሱ የተንሸራተተ ይመስል። እሷም መጀመሪያ፣ በገጽ ሠላሳ አንድ «እንጃ» የሚለው ቃል በስህተት ወድቋል ብላ ጻፈች። አነበበችው። «በስህተት ወድቋል» የሚለውን አጠፋችና እንዲህ አደረገችው፦

«በገጽ ሠላሳ አንድ፣ ሰባኪው ለመምህሩ ጥያቄ ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ዝም ካሉ በኋላ ‹እንጃ› ብለው መልሰዋል። ቃሉን ያወጣችው ጽሑፉን የገለበጠችው ልጃቸው ናት። የአዳራሹ ሳቅ በመምህሩ ላይ አልነበረም፤ እሳቸውም ስቀዋል።»

ነጠላ ሰረዞቹን ቆጠረች። አንዷን አነሳች፤ መለሰቻት።

ዕቃ ቤቱ ጠባብ ነው፤ የታጣፊ ወንበሮች ክምር ግማሹን ይዞታል። አንዱን ወንበር ዘርግታ ተቀመጠችና ያባዛቻቸውን የእርማት ወረቀቶች አንድ በአንድ ቆርጣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ መለጠፍ ጀመረች። ሙጫ ሲበዛ ወረቀቱ ይጨማደዳል፤ ሲያንስ ጠርዙ ይነሳል። ሃያ ያህሉን ካበላሸች በኋላ ልኩን አገኘችው። ከውጭ ሰዎች ለነገው ወንበር ሲጎትቱ፣ አንዱም ማን አለ ሲል ይሰማታል፤ እኔ ነኝ ትላለች፣ ቀና ሳትል። ቀትር አልፎ ጥቂት እንደቆየ የመጨረሻዋን ጥራዝ ገለጠች። ወረቀቱን ከመስመሩ ትይዩ አስተካክላ አስቀመጠችና ጠርዞቹ እስኪይዙ በመዳፏ ተጫነችው። ከዚያ ጥራዟን ዘግታ ከሌሎቹ ላይ ደረበቻት፤ ሣጥኑንም ከመደርደሪያው ሥር ገፋችው።