ለፋሲካ የተቀጠረ ሰው

«ጋሼ ሉ አዲስ ነገር የሚያስተምሩን መስሎን ነው» አለ መስዑድ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደተናገረው እሱም አያውቅም። «እጃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ ቀስ ብለው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። እኛም ቁጭ አልን። አሥራ አራት ሰው ነን። በጎናቸው ዘመም ሲሉ እኛም ዘመም አልን።»

ከሐሙሲት ለልቅሶ የመጡት ሴትዮ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሐዘን ይሁን ሣቅ ማን ይለያል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስኪነሡ ጠበቅን።»

«ሲወስድ እያሳሳቀ ማለት ይኸ ነው» አሉ ሴትዮዋ።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ዓይናቸውን ከንፍሮው ሳህን ላይ አላነሡም። ከአሥራ አራቱ አንዱ እሳቸው ነበሩ። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ጣና ዳር በጎናቸው ተጋድመው የሞተ ሰው እስኪነሣ ጠብቀዋል። ይህን የከተማው ልጆች ዓመት ሙሉ ቢሥቁበትም ግድ የላቸውም። የሚበላቸው ሌላ ነው፤ መቃብሩ ያለበት ቦታ ነው።

ሟቹን ባሕር ዳር «ጋሼ ሉ» ትለዋለች። ከወረታ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ሊሠሩ ከመጡት ቻይናዎች ጋር የመጣ የድልድይ ግንበኛ ነበር። ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ ቀረ። ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስል በነበረችው በየብርጓል ምክንያት ነው የቀረ ይላሉ፤ እሷ ግን በጣና ነው ትላለች። በየማለዳው ውሃው ዳር ቆሞ እጁን ቀስ አድርጎ ወደፊት ይገፋል፣ ቀስ አድርጎ ወደኋላ ይስባል። መጀመሪያ አበደ ተባለ። ቀጥሎ ጠንቋይ ነው ተባለ። የጀልባ ሠሪውን የመስዑድን ወገብ ካቃና በኋላ ደግሞ ሐኪም ሆነ። እሱ ራሱ «አስተማሪ ብቻ» ነበር የሚለው፤ ይኸ እንቅስቃሴ ታይ ቺ ይባላል፣ ከአያቴ ነው የተማርሁት እያለ።

ቀበሌው ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስበሃል ብሎ አንድ ሌሊት አስሮ አሳደረው። በሳምንቱ ያው ቀበሌ ለአብዮት በዓል ትርኢት አሠልጥን አለው። በበዓሉ ዕለት ሊቀመንበሩ ከመድረክ ላይ «ፈጠን በሉ እንጂ ጓዶች!» እያለ ሲጮኽ ጋሼ ሉ ይባስ ብሎ አዘገመ። አሥራ አራቱም አብረው አዘገሙ። መስዑድ እስከ ዛሬ የሚኮራው በዚያ ቀን ነው።

መሪጌታን ወደ ውሃው ዳር የወሰዳቸው የጉልበታቸው ሕመም ነበር። አቋቋም ሲያስተምሩ፣ መቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን ሲያነጉ አርባ ዓመት ሞልቷቸዋል። ጋሼ ሉ ምንም ሳይጠይቃቸው ሰልፉ መሀል አቆማቸው።

«እንዲህ ነው?» አሉት እጃቸውን አንሥተው።

«አይደለም። ግን ጥሩ።»

«ካልሆነ ለምን አታርመኝም?»

«ዛሬ ስሕተቱን ሥሩ፣ የኔታ። ነገ ሰውነት ራሱ ያርማል።»

በሆዳቸው ሣቁበት። በእሳቸው ጉባኤ አንዲት ቃል የጣለ ተማሪ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እሳቸውም የተማሩት እንዲያ ነው፣ ያስተማሩትም እንዲያ ነው። ያም ሆኖ ክረምቱ ሳይወጣ ጉልበታቸው ዳነ፤ ሁለቱ ሽማግሎችም ወዳጅ ሆኑ።

ባለፈው ኅዳር ጋሼ ሉ ወደ ቤታቸው መጣ። ተጠምቆ ከየብርጓል ጋር በቁርባን መጋባት ይፈልጋል። የደብሩ አለቃ «መሪጌታ በቅቷል ካሉ ለጥምቀት እናጠምቀዋለን» አሉ። መሪጌታም ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ያስጠኑት ጀመር። ያ የስልሳ ዓመት ሰው ግዕዙን አንድ አንድ ቃል እየለቀመ ተሸከመው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ይጠፋበታል።

«ከመጀመሪያው» ይሉታል።

ፈገግ ይልና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንድ ቀን እንኳ ፊቱ አልጠቆረም። በጥምቀት ዋዜማ አለቃው «በቃ ወይ?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታ «አልበቃም፤ ለፋሲካ ይድረስ» አሉ።

«ፋሲካ ስንት ቀን?» አለ ጋሼ ሉ።

«ሦስት ወር ቢሆን ነው።»

«እሺ፣ የኔታ።»

የካቲት ላይ ሞተ። ሬሳው ቤት ተኝቶ መሪጌታ አለቃውን ሁለት ሰዓት ለመኑ። አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዕንባቸው እየወረደ ነው የመለሱላቸው። «ያልተጠመቀ ከቅጽር አይገባም፣ ፍትሐትም የለውም። ሥርዓቱን ለእኔ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?» እውነት ነው፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሯቸው። መስዑድ ለጀልባ ያቆየውን ሳንቃ ሣጥን አደረገው። ቀበሌው ጣና ዳር ከበቀለው ደንገል ወዲህ ያለውን ባዶ መሬት ሰጠ። ቀባሪው ብዙ ነበር፤ ካህን ግን አልነበረም።

እነሆ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መሪጌታ በየቀኑ ማልደው እየመጡ ከየብርጓል አጠገብ ይቀመጣሉ። እንድትረግማቸው ይጠብቃሉ። ብትረግማቸው ይሻላቸው ነበር። እሷ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰችላቸውም።

ከቀትር በኋላ ልቅሶ ደራሹ ሳሳ። መስዑድ ሴትዮዋን አውቶቡስ ሊያሳፍር ወጣ። ያኔ የብርጓል አንገቷን ሳታዞር ተናገረች።

«የኔታ።»

«አቤት ልጄ።»

«ዛሬ ሣልስቱ ነው። ሰው ሁሉ ሙቱን በክርስትና ስሙ ያስጠራል። እኔ ምን ብዬ ላስጠራው?»

ስሙን መርጠውለት ነበር። ለፋሲካ ለራሱ ሊነግሩት ደብቀውት ኖረዋል። «ወልደ ሩፋኤል ልለው ነበር» አሉ።

የብርጓል ስሙን በከንፈሯ ብቻ አለችው። «እንግዲያ ይጠራልኛላ?»

«ያለ ውሃ አይጸናም፣ ልጄ።»

«እርስዎ ብቻዎን ሆነው ቢጠሩትስ? በቀስታ?»

እሺ ሊሏት ፈለጉ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል፣ ማንስ ያያል? አርባ ዓመት ሥርዓት ሲያስተምር የኖረ አንደበታቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። «አልችልም» አሉ።

«ለጥምቀት ምን ነበር የቀረው?»

«መጨረሻው። የሙታንን ትንሣኤ የምንጠብቅበት ቦታ። እዚያ ሲደርስ ይጠፋበት ነበር።»



«እኔም አላውቀውም» አለች የብርጓል።

«ምኑን?»

«ጸሎተ ሃይማኖቱን ነዋ። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አላውቀውም። በሰማንያ ቀኔ መራዊ ላይ ተጠመቅሁ። ማን ጠየቀኝ?» ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው። «እኔ ምንም ሳላውቅ ስሞት ከቅጽር እገባለሁ። እሱ ያን ሁሉ አጥንቶ ከውጭ ቀረ። እንግዲህ አጠገቡም አልተኛ፣ የኔታ።»

መሪጌታ ለጋሼ ሉ አንድ ቀን እንኳ መሳሳትን ፈቅደውለት ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት ይህን ባልጠየቀቻቸው።

እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱና ጥምጣማቸውን ፈቱ። ለእናታቸው ሞት እንጂ ለሌላ ለማንም ፈትተውት አያውቁም። ጨርቁ ተተርትሮ ከእግራቸው ሥር ወደቀ። ባዶ ራሳቸውን ደፍተው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።

የብርጓል አይዞዎት አላለቻቸውም። ጨርቁን ከመሬት አነሣች፣ አቧራውን አራገፈች፣ ጭኗ ላይ ዘርግታም ቀስ እያለች ማጠፍ ጀመረች።