ስለ ራሳቸው የተላኩት ሽማግሌ

ሽማግሌ ማለት ንጹሕ ልብስ ለብሶ በጠዋት ሰው ቤት የሚሄድ፣ ጉዳዩን ሳይናገር አልቀመጥም ብሎ የሚቆም፣ የአንዱን ልጅ ለሌላው ልጅ የሚጠይቅ ሰው ነው። ለራሱ መጠየቅ አይችልም። ሙሽራውም ሽምግልናው ላይ አይገኝም።

እሑድ ጠዋት ሰንዳፋ ከተማ፣ አቶ ዘርጋው ሳሎን ውስጥ ከቆሙት ሦስት ሽማግሌዎች መሐል ላይ ያሉት ግን ሙሽራው ራሳቸው፣ ጋሽ ሞገስ፣ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳ አራት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው ሙሽራ በደንቡ መሠረት ቤቱ ቀርቷል።

ነገሩ ቀላል ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወተታቸው የተመሰገነ ላሞችን የሚያባዙ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ። ከላሟ ጆሮ ቅንጣት ቆዳ ይወስዳሉ፤ ከቅንጣቷ ያችው ላም እንደገና ትወለዳለች። ጋሽ ሞገስ ለምነዋቸው ከእሳቸውም ጆሮ ወሰዱ። ሌላው ሞገስ ተወለደ፣ አደገ፣ የአቶ ዘርጋውን ልጅ ትርሲትን ወደደ።

አቶ ዘርጋው ትርሲትን እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ለማያውቁት ሰው እንዳይሰጧት ይፈራሉ።

«ዘር እንቁጠር» አሉ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም። «የልጁ አባት ማን ይባላል?»

«አባት የለውም።»

«እርስዎ አይደሉም?»

«እኔማ እሱ ነኝ። ቀድሜ መጥቼ ነው።»

«እናቱስ?»

«ላም ናት» አሉ ጋሽ ሞገስ። «ረጋ ያለች ነበረች።»

አቶ ዘርጋው ዘመዶቻቸውን በሐሳባቸው አንድ በአንድ ተመለከቱ። «በእናት በኩል አንገናኝም» አሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ገባቸው። አባት ሁሉ ልጁን የሚድረው አማቹ ነገ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ነው። የአማቻቸው ነገ ግን ጉልበቱን እያሸ ፊታቸው ቆሟል።

«ይጠጣል?»

«በሠላሳ ዓመቴ ትቼዋለሁ።»

«ልጁ ሃያ ስድስት ነው።»

«እንግዲህ አራት ዓመት ይታገሡት።»

ጓዳ ውስጥ ትርሲት ሳቀች።

በቀኝ የቆሙት ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «እርስዎ ያጡትን እንዲያገኝልዎ ነው ልጁን ያስወለዱት? እሱ ተጠይቋል?»

«ለመወለድ ማን ተጠይቆ ያውቃል? ትርሲትንም የመረጣት ራሱ ነው። እኔ ብሆን አልደፍርም፤ ኃይለኛ ናት።»

«እየሰማሁ ነው!» አለች ትርሲት። «አባዬ፣ የሚያንኮራፋ እንደሆነ ጠይቃቸው።»

«እኔ በምን አውቃለሁ ልጄ» አሉ ጋሽ ሞገስ። «የሚሰማኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።»

አቶ ዘርጋው ቀለበት የሌለበትን የጋሽ ሞገስን ጣት ተመለከቱ። «አላገቡም እንዴ?»

«በሃያ ስድስት ዓመቴ ሽማግሌ ልኬ ነበር። የልጅቱ አባት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣው በምን አውቃለሁ ብለው መለሷቸው። አልተቀየምኳቸውም፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ይኸው መልሱን ይዤ መጣሁ።»

አቶ ዘርጋው መልሱን አዩት። ኮቱ ንጹሕ ነው። የሸሚዙ ኮሌታ በአንድ በኩል ብቻ ተተኩሷል፤ ሌላውን በኩል የሚያይለት ሰው የለም።

«ብከለክል የሚሆነውን አየሁ» አሉ በመጨረሻ። «ብፈቅድ የሚሆነውን ግን አሁንም አላውቅም።»

«የሚያውቅ የለም» አሉ ጋሽ ሞገስ።

«ይቀመጡ እንግዲህ። ፈቅጃለሁ።»

ሦስቱም ተቀመጡ። ትርሲት ከጓዳ ወጥታ አባቷ አጠገብ ቆመች። ጋሽ ሞገስ ግራ እጃቸውን ተመለከቱ። ጣታቸው ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ፤ ከብዙ ዓመት መደረግ የተነሣ ሳስቷል። ሊያወልቁት ሞከሩ፤ አልወጣም።

«ሞገስ!» የሚል የአሮጊት ድምፅ ከበር ተሰማ። «ና እንጂ፣ ባጃጁ ሊሄድ ነው!»

ድምፁ ያረጀ የትርሲት ድምፅ ነበር። አባቷ አጠገብ የቆመችው ትርሲት ግን አፏን አልከፈተችም።

ጋሽ ሞገስ ይቅርታ ጠይቀው ወጡ።

ሰርጉ በግንቦት ተደረገ። ለሦስቱም ሽማግሌዎች ጥሪ ተልኮ ሁለት መጡ። ሦስተኛው የት ቀሩ ተብለው ሲጠየቁ፣ ያን ቀንም የሄድነው ሁለት ሆነን ነው አሉ።