ካርቶኑን አስቀምጪ

«ይቺ መርከብ ያለ እኔ ከወደቡ አትነቃነቅም፤ ብትነቃነቅም ሩቅ አትደርስም» አለች ጃኔል፣ የታሸገ ቲማቲም ካርቶን ከማሪቤል ተቀብላ ለቀጣዩ ሰው እያሻገረች።

«እንግዲያ ነዳጁን እንተወው፤ ያንቺ ምላስ ይነዳናል» አላት ከሰልፉ አንዱ። ሁሉም ሳቀ።

አሜሪካ፣ ኖርፎክ ወደብ ላይ የባሕር ኃይል መርከብ ሩቅ ሊሄድ ሲል እንዲህ ነው። ወታደሩ ከጭነት መኪናው እስከ መርከቧ ሆድ ይደረደርና የስንት ወር ምግብ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበለ ያስገባል። ወገብ የሚቆረጥበት፣ ወሬ የሚደራበት፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ የሚታወቅበት ቀን ነው።

ጃኔልም የምትጎርረው በባዶ ሜዳ አይደለም። ዓመታት ሙሉ ሞተር ክፍል ውስጥ በግሪስ ስትጨማለቅ ኖራ፣ በዚህ ጉዞ የሌሊቱን ፈረቃ እንድትመራ ተመርጣለች። ስንት ጎረምሳ የቋመጠለት ቦታ ነው። ለእናቷ ደውላ ነግራለች፣ ለጎረቤት ነግራለች፣ ፀጉሯን ለምትሠራት ልጅ ሳይቀር ነግራለች።

ያልተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አርግዛለች፤ አራተኛ ወሯን ይዛለች። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ያረገዘች ወታደር ባሕር ላይ አትዘምትም፣ የብስ ላይ ሌላ ሥራ ይፈለግላታል። የልጁ አባት ኩርቲስ ባለፈው ወር በሌላ መርከብ ሄዷል። ልጁ የሁለታቸው ነው፤ ግን የእሱ ሆድ አይገፋ፣ ማን ይጠይቀዋል?

የጃኔል ሐሳብ አፏን ዘግታ ውቅያኖሱን መሻገር ነበር። ከዚያ ወዲያ ቢያውቁባት በሄሊኮፕተር ይመልሷት፤ ቢያንስ ፈረቃዋን መርታለች። ሰፊ የሥራ ቱታ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ምስጢሩን የምታውቀው ማሪቤል ብቻ ናት። ጃኔል የነገረቻትም ወዳ አይደለም። የነዳጅ ታንክ ውስጥ ገብቶ የማጽዳት ተራ ደረሳት፤ ሽታው ደግሞ ለጽንስ መርዝ ነው። ማሪቤል በእሷ ፈንታ ገባች። ዓይኗ በርበሬ መስሎ ወጣች፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በለውጡ ጃኔል የበር ጥበቃዋን ቆመችላት። ከቴክሳስ የመጣችው ማሪቤል ለጃኔል ከእህትም በላይ ነበረች፤ አልጋቸው እንኳ ላይና ታች ነው።

የሞተር ክፍሉ አለቃ ዶቢንስ ከመርከቧ ወረደና በሰልፉ ጥግ ጥግ መጥቶ ጃኔል ፊት ቆመ።

«ካርቶኑን አስቀምጪ።»

«ምን አጠፋሁ፣ አለቃ?»

«አስቀምጪ አልኩሽ። ሁለት ነፍስ ሆነሽ እዚህ ሰልፍ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሰልፉ ቀጥ አለ። ማሪቤል እጇን ዘርግታ ካርቶኑን ወሰደችላት። ፊቷ ላይ መገረም የሚባል ነገር አልነበረም። ጃኔል ያኔ ገባት።

ዶቢንስ ቢሮው ወስዶ አልጮኸባትም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ አላት፣ ስለ ሚስቱ አወራላት፣ ሐኪም ዛሬውኑ እንደሚያያትና ከዛሬ ጀምሮ መርከቧ ላይ እንደማታድር ነገራት። አዲሱ ሥራዋ ጦር ሰፈሩ ውስጥ የመኝታ ክፍል ቁልፍ ማደል ነው። ሞተር ፈትታ የምትገጥም ልጅ ቁልፍ ልታድል! ፈረቃዋን ማን እንደሚመራው ስትጠይቀው «ማሪቤል» አላት፣ ሰዓት ስንት ነው እንደተባለ ሰው።

ጃኔል ልብሷን ልትሸክፍ ወደ መኝታ ክፍል ስትገባ ማሪቤል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። አልካደችም።

«ለቦታው ብለሽ ሸጥሽኝ» አለች ጃኔል።

«ባለፈው ጉዞ እርግዝናዋን ደብቃ የመጣችውን ልጅ ረሳሻት?»

«እሷን ከእኔ ጋር አታገናኚ።»

«ባሕር መሃል ሲያስወርዳት ሳህን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንቺ ተኝተሽ ነበር። ሆስፒታል ያለበት አገር እስክንደርስ ምን እንደሆነች አላየሽም።»

«ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?»

«አትሂጂ ብዬ ነገርኩሽ እኮ። ሳቅሽብኝ።»

ጃኔል ቲሸርቶቿን ሻንጣው ውስጥ ጠቀጠቀች። «ቦታውስ?»

«ቦታውንም ፈልጌው ነበር። ምን ብዬ ልዋሽሽ?»

ይሄ ነው አንጀቷን የቆረጠው። ብትክድ ትሰድባት ነበር፣ ብታለቅስ ትገፈትራት ነበር። እውነቱን ለዘረገፈ ሰው ምን ይባላል? ዚፑን እንኳ ሳትዘጋ ሻንጣዋን ጎትታ ወጣች።

መርከቧ በምትነሳበት ጠዋት አልሄድም ብላ ምላ ነበር፤ ሄደች። ወደቡ በሰው ተሞልቷል። ሚስቶች ባሎቻቸውን አንቀው ይዘዋል፣ ሕፃናት አባታቸው ትከሻ ላይ ወጥተዋል፣ አሮጊቶች ወንበራቸውን ሳይቀር ይዘው መጥተዋል። ጃኔል መንገዱን ሙሉ ስድብ ስታጠና ነው የመጣችው፤ አንዳንዱ ጥሩ ስድብ ነበር።

ማሪቤልን መወጣጫው ሥር አገኘቻት። ነጭ የክብር ልብሷን ለብሳ ብቻዋን ቆማለች፤ ከቴክሳስ ማንም አልመጣላትም። ያ ሁሉ ሰው ሲሳሳም እሷ ጫማዋን ታያለች። ጃኔል ያጠናችው ስድብ ጠፋባት። ቂሙ አልጠፋም፣ ደረቷ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግን ትልቅ ሰው ልትሆን ወሰነች፤ ለዚያውም ሰው እያያት። አገጯን ቀና አደረገችና ዙሪያዋ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች።

ማሪቤል አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ እንዳደረገች ዞር አለች።

«እኔ መቼ ይቅርታ ጠየቅኩሽ?»