አዝማቹ እስኪመጣ

"ፊት ወደ ውሃ" አለች አሠልጣኟ። ሦስቱም ሴቶች የገንዳውን ጠርዝ እንደያዙ ጎንበስ አሉ። ከስፒከሩ ከሦስት ዓመት ወዲህ ከየታክሲው ያልጠፋው ዘፈን ይጮሃል። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ዘፋኙ ግጥሙን እስኪጨርስ ትንፋሽን ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ማውጣት፣ አዝማቹ ሲመጣ ቀና ብሎ አየር መሳብና አብሮ መዝፈን።

አዝማቹ መጣ፤ ቀና አሉ።

"ግማሹን ገንዳ ጠጥቼዋለሁ" አለች የአውቶቡስ ሾፌሯ ዓይኗን እየጠረገች። "ከሰዓት የሚመጡት በምን ሊዋኙ ነው?"

"አንቺ መዝፈን ስትጀምሪ ነው እኔ ተመልሼ የምጠልቀው" አለቻት ጡረተኛዋ ነርስ።

ከዘፈኑ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዳቸውም ፊታቸውን አልነከሩም ነበር። ትንፋሻቸውን በቁጥር ሲያወጡ ፍርሃታቸውን የሚቆጥሩ ይመስል ነበር፤ በዘፈን ግን ይረሱታል።

ልብስ ሰፊዋ ብቻ አትስቅም። ስትመዘገብ "መዋኘት ለምን ፈለጉ?" ከሚለው ጥያቄ ሥር "ልጄን ውሃ ወስዶብኝ" ብላ ጽፋለች። ዛሬ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልኳን ዘረጋች።

"መምህርት፣ እስቲ ይኼን ክፈቺልኝ። ዘፈኑ ያው ነው። ልጄ ናት የዘፈነችው።"

አሠልጣኟ ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አገናኘችው። መጀመሪያ የሚታጠብ ሳህን ተንኳኳ፤ ቀጥሎ ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ እየሳቀ ጀመረ። ሾፌሯ ወሬዋን አቆመች። ሦስቱም ጎንበስ አሉ።

ቅጂው አዝማቹ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ነርሷና ሾፌሯ ቀና ብለው ተያዩ። ልብስ ሰፊዋ አልተነሳችም። አሠልጣኟ፣ አሁን ትነሳለች፣ አሁን ትነሳለች እያለች ጠበቀች። አረፋው ሲቆም ከነጫማዋ ገብታ ትከሻዋን ይዛ አነሳቻት።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ? ለምን ቀና አላሉም?"

ልብስ ሰፊዋ ሳለች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም።

"አዝማቹን እየሰማሁ ነበር።"

"ተቋርጧል እኮ። አዝማቹ ጋ አይደርስም።"

"መቋረጡንማ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ላይ ነው የሚቆምብኝ። እታች ግን አላቆመችም። ቀጠለች።"

ነርሷ በልማድ የልብስ ሰፊዋን እጅ ይዛ የልብ ምቷን ለካች። "ጆሮ ውስጥ ውሃ ሲገባ እንዲህ ያሰማል" አለች፣ ማንንም ሳታይ።

"አንድ ጊዜ ድገሚልኝ፣ መምህርት። ልትጨርስ ትንሽ ነው የቀራት።"

"ለዛሬ ቢበቃንስ?"

"እሺ" አለች ልብስ ሰፊዋ በትሕትና። "ቤትም ትልቅ በርሜል አለኝ።"

አሠልጣኟን ጫማዋ ውስጥ የገባው ውሃ ድንገት በረዳት። ብትከለክላት ብቻዋን ታደርገዋለች፤ ያን ጊዜ ትከሻዋን የሚይዝ የለም። ስልኩን ከጠርዙ አንስታ ለሾፌሯ አቀበለቻት።

"ከመጀመሪያው ክፈቺው። ልክ ሲቋረጥ ሁለታችሁ ተቀበሉ። ጮክ ብላችሁ፤ እታች ድረስ እንዲሰማ።"

"ድምፄን እያወቅሽው?"

"እሱ ነው የሚያስፈልገን።"

ሾፌሯ አልሳቀችም። አሠልጣኟ ወደ ልብስ ሰፊዋ ተጠግታ እጇን ጨበጠች።

"ስጎትትዎ ይነሳሉ።"

"እነሳለሁ።"

ሳህኑ ተንኳኳ፤ ልጅቷ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ነከረች። አሠልጣኟን፣ ተማሪዋ ውሃ ውስጥ ሳለች ዓይኗን ከእሷ ላይ መንቀል እንደሌለባት፣ ስትሠለጥን በመጀመሪያው ቀን ነግረዋታል። ዘፈኑ ወደ አዝማቹ ሲቃረብ የያዘችውን እጅ አጠበቀች፤ አየር ስባ፣ እሷም ልትሰማ ፊቷን ውሃ ውስጥ ከተተች።