ለእንግዳ የወፈሩ አሳማዎች

አቶ መሳፍንት አሳማ የሚጠየፉት ከሃይማኖታቸው የተነሣ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ዶክተር ቤተል ግን አታምናቸውም። ሃይማኖታቸው ጉቦንም ይከለክላል፤ እሱን ሲጠየፉ ያየ ሰው የለም።

ቤተል እንጅባራ ከተማ ጫፍ ባለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ስድስት ዓመት የሠራች ሐኪም ናት፤ አቶ መሳፍንት ደግሞ አለቃዋ ናቸው። በስድስቱ ዓመት በሬ አክማለች፣ ፈረስ አክማለች፣ የበግ ጉበት ትል ስትፈልግ ዓይኗ ደክሟል። ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የእትዬ የወርቅውሃ የአሳማ ጋጣ መግባት ከጀመረች ወዲህ ግን ያ ሁሉ ተረሳና "ዶክተር እሪያ" ሆና ቀረች። ስሙን ያወጡላት አለቃዋ ናቸው። ስብሰባ መካከል "እስቲ ዶክተር እሪያ ምን ትላለች?" ይሉና ሠራተኛው ስቆ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ቤተል፣ ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ እጁን ጭቃ ሳይነካው ጡረታ ሊወጣ ነው እያለች ታያቸዋለች።

እትዬ የወርቅውሃ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከቤተል ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩ ሴት ናቸው። ከሆቴሎች ትርፍራፊ፣ ከጠላ ቤቶች አተላ እየሰበሰቡ ዐሥራ አንድ አሳማ ያረባሉ። ሥጋውን ባሕር ዳር ያሉ ሆቴሎችና የአንድ መንገድ ሥራ ካምፕ ወጥ ቤት ይወስዱታል። ጎረቤቶቻቸው "ሸተተን" ብለው ጋጣው እንዲዘጋ ሁለት ጊዜ ፊርማ አሰባስበዋል። በቀርከሃ አጥሩ ማዶ ያለው የቆዳ መጋዘን ግን የሸተተው ሰው የለም።

ዕድሜያቸውን በአሳማ ሕክምና የጨረሱ የባሕር ማዶ ሐኪሞች ያቋቋሙት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ለአሳማ ጤናና ደኅንነት ብሎ በዓመት አንድ ሐኪም ይመርጥና ለሁለት ዓመት ወስዶ ያስተምራል። ማስታወቂያውን ፈልጋ ያገኘችውም፣ አራት ወር ሙሉ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እየተሻማች ማመልከቻውን የሞላችውም ቤተል ናት። ድርጅቱ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን አይቀበልም። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቤተል ደግሞ በጥር ሠላሳ አምስት ይሞላታል። ይህ ካመለጣት ሌላ የለም። የሚቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከትምህርት ስትመለስ ሥራዋ ላይ እንደሚቀበላት የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት የመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ።

አቶ መሳፍንት ነገሩን መጀመሪያ ሲሰሙ ሳቁ። "ለአሳማ ሐኪም ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ራሱ መታከም አለበት" አሉ። ትምህርቱ ውጭ አገር፣ ወጪውም በሙሉ የድርጅቱ መሆኑን ሲሰሙ ግን ሳቁን ተዉት። ሳምንት ሳይሞላ የሚስታቸው ወንድም ዶክተር ሀብቱ "የአሳማ ልማት አስተባባሪ" የሚል ደብዳቤ ተጻፈለት። ሀብቱ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በእንቁላል ቅርፊት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህም ከእንቁላሉ አልፎ ወደ ዶሮዋ አልደረሰም።

"ሁለታችሁም ተወዳደሩ" አሉ አቶ መሳፍንት። "ከድርጅቱ የሚላክ እንግዳ መጥቶ ያያችኋል። እሱ ለወደደው ደብዳቤውን እጽፋለሁ። እኔ መካከለኛ ነኝ።"

ከእንግዳው ቀድሞ ቅጽ መጣ። ጋጣው ስንት ካሬ ነው፣ ውኃው ከየት ይመጣል፣ አሳማዎቹ መጫወቻ አላቸው ወይ እያለ ይጠይቃል።

"መጫወቻ?" አሉ አቶ መሳፍንት፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው። "አሳማው ምን ሊሆን ነው የሚጫወተው?"

"ሲሰለቸው የጓደኛውን ጭራ ይነክሳል" አለች ቤተል።

"የኔ ልጆች በካልሲ ኳስ ነው ያደጉት። ጭራ ሲናከሱ አላየሁም።"

ሀብቱ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ግን ሁለት የፕላስቲክ ኳስ ገዝቶ በሲባጎ ጋጣው ውስጥ አንጠለጠለ። አሳማዎቹ ከምሳ ሰዓት በፊት በልተው ጨረሷቸው።

እንግዳው ወደ እትዬ የወርቅውሃ ጋጣ የሚመጡት ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ማክሰኞ ዕለት እትዬ የወርቅውሃ የአጎታቸው ልጅ ዐርፎ ወደ አዲስ ቅዳም ለቅሶ ሄዱ። ቤተልን ደግሞ አቶ መሳፍንት ሆነ ብለው ለሁለት ቀን የከብት ክትባት ዳንግላ ላኳት። ጋጣው በዶክተር ሀብቱና በሁለት የቀን ሠራተኞች እጅ ቀረ።

በሬ ለገበያ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ በአገሩ የማያውቅ የለም። በዋዜማው ጨው ይልሳል፣ ውኃ ይከለከላል፣ ጠዋት ገበያ ሊገባ ሲል እንደ ልቡ ይጠጣል። ሆዱ ይነፋል፤ ገዢ ሲያየው የሰባ ይመስለዋል። ሀብቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቢወጣም ስለ እንስሳ እርግጠኛ ሆኖ የሚያውቀው ይህንኑ ነበር። "እንግዳ አይደል የሚመጣው? ሞላ ብለው ይታዩ" ብሎ ማክሰኞ ማታ አተላውን በጨው ለውሶ አበላቸው። ረቡዕ ጋጣው ደርቆ እንዲያድር ውኃቸውን ዘጋ። አቶ መሳፍንት ዞር ብለው አይተው "አሁን ገና ሥራ መሰለ!" አሉት።

ቤተል ከዳንግላ በተመለሰች ማግስት፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ስልኳ ጮኸ። እትዬ የወርቅውሃ ነበሩ።

"ዶክተሬ፣ ድረሽልኝ! አሳማዎቼ ሰክረዋል።"

"ምን በልተው?"

"እኔ ምን ዐውቃለሁ! አሁን ከለቅሶ መግባቴ ነው። ቀይዋ እንደ ውሻ ቂጧ ላይ ተቀምጣለች።"

ቤተል በባጃጅ በረረች። ስትደርስ ጋጣው እንደ ምጣድ ደርቋል። ቀይዋ እናት አሳማ ቂጧ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላለች። ሌላው ግንባሩን ከግድግዳው ገጥሞ ይገፋል። ሌሎች ሦስት አሳማዎች፣ ዓይናቸው ተከፍቶ እያለ፣ እንደ ዕውር ከቀርከሃው ጋር ይጋጫሉ። ሀብቱ በአዲስ ቦት ጫማ መካከል ላይ ቆሞ የውኃ ጎማ ይዟል። ከፊቱ ያለው ወጠጤ አሳማ ገንዳው ውስጥ አፉን ነክሮ ያለ ፋታ ይጠጣል።

"ውኃውን ዝጋ!"

"ጠምቷቸዋል እኮ፣ ቤቲ።"

ወጠጤው ቀና አለ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ወደቀ። እግሮቹ አየሩን ቀዘፉት፤ ቀዘፉትና ቆሙ። ሀብቱ ጎማውን እንደያዘ ቀረ። ቤተል ከእጁ ቀማችውና በአሳማዎቹ መመገቢያ የተረፈውን አተላ በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ጨው ነው።

"ስንት ኪሎ ሰጠሃቸው?"

"ለበሬ ከሚሰጠው ያነሰ ነው።"

"ጨው አንጎላቸው ገብቷል" አለች፣ ፊቱን ሳታይ። "ውኃ በአንድ ጊዜ ሲሰጣቸው አንጎላቸው ያብጣል። በየሰዓቱ አንድ አንድ ጣሳ ነው የሚጠጡት። እስከ ነገ ድረስ።"

ይህን ስትናገር አቶ መሳፍንት ክራቫት አስረው ደረሱ። ሞቶ የተጋደመውን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ቤተልን ወደ አጥሩ ጠሯት።

"አክሚያቸው፤ ከአራት ሰዓት በፊት ግን በጓሮ በር ውጪ።"

"ሕክምናው እስከ ነገ ነው፣ አቶ መሳፍንት።"

"እንግዲያው ለሀብቱ አሳዪው።"

"ጎማውን የቀማሁት ከእሱ ነው።"

"ስሚኝ፣ እንግዳው እዚህ ካገኘሽ ደብዳቤውን እርሺው። ማኅተሙ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።" የኮታቸውን ኪስ መታ መታ አደረጉ።

ቤተል አንድ ሐሳብ መጣላት። ጎማውን ለሀብቱ መልሳ፣ በጓሮ በር ወጥታ፣ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በፊት ለፊት በር ብትመለስ ይበቃታል። አሳማዎቹ በእንግዳው ፊት አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ ለሀብቱ ምስክር አያስፈልገውም። ሐሳቡ ንጹሕ ነበር፣ ምንም አይወጣለትም። ቀይዋ አሳማ ግን በቂጧ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ነበር። ቤተል የቲማቲም ጣሳ ከእትዬ የወርቅውሃ ተቀብላ ጋጣው ውስጥ ተንበረከከች።

እንግዳው በሰዓታቸው መጡ። ሽበታም፣ ረጅም፣ ወረቀት የያዙ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። ሀብቱ በእንግሊዝኛ "መጠነኛ ድካም" የሚል ነገር ተናገረ። እንግዳው አላቋረጡትም፤ ወደ ቀይዋ አሳማ ሲያዩ ግን ጆሯቸው እሱ ጋር እንዳልነበረ ያስታውቅ ነበር። ጃኬታቸውን አውልቀው ከቤተል አጠገብ ተንበረከኩ።

"ውኃ ስንት ጊዜ ሰጠሻቸው?"

"ሁለት ጊዜ፤ አንዳንድ ጣሳ። ሦስተኛው በሚቀጥለው ሰዓት ነው።"

"የሞተውስ?"

"እሱ ጠግቦ ጠጣ።"

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ሦስተኛውንም አራተኛውንም አብረዋት አጠጡ። ወደ ማረፊያቸው ሊሄዱ ሲነሡ የያዙትን ቅጽ አጠፉት።

"የመጣሁት አንቺን ፍለጋ ነው" አሏት። "እስከ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ የመሥሪያ ቤትሽን ደብዳቤ አምጪልኝ። ያለ እሱ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም፤ ደንባችን ነው።"

አቶ መሳፍንት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በአንድ ጊዜ በራ። "የኛ ልጅ እኮ ናት! እኔ ነኝ ያሳደግኋት!" ብለው የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ሀብቱ ቦት ጫማውን ሊያጥብ ሄደ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ መሳፍንት ሁለት ወረቀት ይዘው ተመለሱ። አንደኛው ደብዳቤው ነው። "በጽሕፈት ቤቱ ብቁ አመራር ለዚህ የበቃች" ብሎ ይጀምራል። ቤተል ታገሠችው። ሁለተኛው የበሽታው ሪፖርት ነው። ጨው የሰጡት የጋጣው ባለቤት ባለማወቅ እንደሆነ ይላል። ከሥር የሐኪም ፊርማ ቦታ አለው።

"ይህ ከወጣ ጋጣቸውን ያስዘጉባቸዋል" አለች። "ጎረቤቶቹ የሚፈልጉት ይህን ነው።"

"ሀብቱ ይጠየቅ ነው የምትይው? ልጅ ነው፣ ተሳሳተ።"

"ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጨው ማን እንደሰጠ እርስዎም ያውቃሉ።"

"ማወቅና መጻፍ ይለያያል፣ ልጄ" አሉ አቶ መሳፍንት፣ ከልባቸው እየመከሩ። "ይኸው እስክሪብቶ።"

በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ" ብለዋት ነበር። እስክሪብቶውን ተቀበለቻቸው።  ሁለት ዓመት፤ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላብራቶሪው፣ ከክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጥፋ የኖረችው የትምህርቱ ዝርዝር። እነዚህን ሁለት ሰዎች ስትንቅ መኖር ቀላል ነበር፤ አሁን ከፈረመች ራሷን ሦስተኛ አድርጋ ልትጨምርባቸው ነው።

የተጻፈውን ሰርዛ፣ ከቀን ሠራተኞቹ የሰማችውንም ጨምራ ከላዩ ላይ እንዲህ አሰፈረች፦ "የበሽታው መንሥኤ ጨው ሰጥቶ ውኃ መከልከል ነው። ያደረገው ዶክተር ሀብቱ፤ አይተው ያመሰገኑት አቶ መሳፍንት።" ፈረመች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ፎቶ አነሣችውና መለሰችላቸው።

አቶ መሳፍንት አነበቡት። እንደሚጮኹ ጠብቃ ነበር፤ አልጮኹም። ሁለቱንም ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ማኅተሙ ያለበት ኪሳቸው ከተቱና "በይ፣ ከእሪያሽ ጋር ክረሚ" ብለው ወጡ። ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካ ድንጋይ ድንጋዩን ይረግጡ ነበር።

እትዬ የወርቅውሃ ሁሉንም ከአጥሩ ጀርባ ሰምተዋል። ቤተል ምስጋና ባትጠብቅም ስድብም አልጠበቀችም።

"ሞኝ!" አሏት። "ማን ጠበቃ አቁሚልኝ አለሽ? ይዝጉት ነበር! አንቺ ተምረሽ ስትመለሺ ሌላ አይከፈትም? ሰው ዕድሜውን ለአሳማ ጋጣ ይሰጣል?"

"እርስዎስ ምን ሲያደርጉ ነው የኖሩት?"

"እኔማ ዕድል አልነበረኝም! ያንቺ በር ላይ ቆሞ አባረርሽው።" እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። "እኝህን ሰውዬ ሄደሽ ለምኛቸው። አሁኑኑ። ገና አስፋልት አልደረሱም።"

"አልለምንም።"

"ትዕቢተኛ ነሽ።"

"ይሁን።"

"ፈረንጁ ዘንድስ? ፎቶውን ወስደሽ ብታሳዪያቸው?"

"አሳያቸዋለሁ። የሆነውን ይወቁት። ያለ ደብዳቤ ግን አይሆንም፤ ደንባቸውን ነግረውኛል።" ቤተል ሰዓቷን አየች። "አሥር ሆኗል፣ እትዬ። ባልዲውን ያቅርቡልኝ።"

እትዬ የወርቅውሃ እያጉረመረሙ ባልዲውን አቀረቡ። ሽማግሌውንም፣ ደንባቸውንም፣ አቶ መሳፍንትንም፣ የአቶ መሳፍንትን እናትም ተራ በተራ አዳረሱ። ቤተል ጣሳውን እስከ አፉ ሞልታ ለቀይዋ አሳማ ያዘችላት። አሳማዋ ጨርሳ ባዶውን ጣሳ በአፍንጫዋ ገፋች፣ ጨምሪልኝ በሚል።

"ከአንድ ሰዓት በኋላ" አለቻትና ወደሚቀጥለው ተሻገረች።