የጋሽ ኦርቪል ጭስ

ዶሬን ጭስ አትወድም። የልጇ የጁኒ ደረት ስስ ነው። ስለዚህ ጎረቤታቸው ጋሽ ኦርቪል ቋሊማ ሊጠብሱ ከሰል ባቀጣጠሉ ቁጥር አጥሩ ላይ ናት። "ጋሽ ኦርቪል፣ ኧረ በፈጠረዎት!" በዚያች የዊስኮንሲን መንደር ይህን ያልለመደ የለም።

በዚህ በጋ ግን የባሰ መጣ። ጁኒና ጋሽ ኦርቪል ተወራረዱ። ዝንብ ፎቶ አንስቶ፣ የክንፉን ጅማትና የእግሩን ቅርጽ አይቶ የየትኛው የዝንብ ቤተሰብ እንደሆነ መለየት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ያገኘ ያሸንፋል። ተፎካካሪው አይቶ ካላመነ አይቆጠርም። ጁኒ ካሸነፈች የሽማግሌውን ትንሽ ነገር አጉልቶ የሚያነሳ ሌንስ ትወስዳለች። ከተሸነፈች በረዶ እስኪጥል የእሳቸውን የዶሮ ቤት ትጠርጋለች። ያንን ሁሉ የኩስ አቧራ! ዶሬን እንቅልፍ አጣች።

በውርርዱ የመጨረሻ ቀን እኩል ነበሩ።

"እማዬ፣ እግረ ጠፍጣፋ የሚባለውን ዝንብ ባገኝ አበቃ" አለች ጁኒ። "እሱ ደግሞ ጭስ ካላየ አይመጣም።"

በዶሬን ግቢ እሳት ተለኩሶ አያውቅም። ከአጥሩ ማዶ ግን ቋሊማው መንጨርጨር ጀምሯል። እናትና ልጅ ተያዩ።

ዶሬን የልጇን አፍና አፍንጫ በአንገት ልብስ ጠቅልላ ከነካሜራዋ አጥሩ ጥግ ደበቀቻት። ከዚያ እንደ ልማዷ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ጋሽ ኦርቪል! ይሄ ምን የሚሉት ጭስ ነው?"

"መጣች! ዛሬ እንኳ እንደ ሰው ብበላ ምናለበት?"

"ቀጠነ ነው የምልዎት! እርጥብ ቅጠል ቢጨምሩበት ይጣፍጥ ነበር።"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት። ሐሳቧን ሳትቀይር ብለው ግን አንድ እቅፍ ቅጠል ጣሉበት። ጭሱ ተትጎለጎለ፤ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ውስጡ መጨፈር ጀመሩ። ዶሬን የካሜራው ድምፅ እንዳይሰማ ስለ ዶሮ በሽታ ለፈለፈች።

ማታ ጁኒ ፎቶውን አሳየቻቸው።

"እግረ ጠፍጣፋ! ምን ይጠየቃል?" አሉ ጋሽ ኦርቪል። "ስንት ዘመን ፈልጌ ያጣሁት! የት አገኘሽው አንቺ ቀበጥ?"

ጁኒ ዙሪያው እንዲታይ ምስሉን አሳነሰችው። ዝንቡ ያረፈው ባርኔጣ ላይ ነበር። ከባርኔጣው ሥር የጋሽ ኦርቪል ጆሮ ይታያል።

ሽማግሌው ጆሯቸውን ዳሰሱ። "ዶሬን! ለካ ቅጠል ይጨምሩ ያልሽኝ..."

"በሉ ሌንሱን ያቀብሏት" አለች ዶሬን። "ምድጃውንም ያጥፉልኝ፤ የልጄ ደረት ስስ ነው።"