የጀማሉዲን አንድ ጥይት

በአዋሽ ሰባት ኪሎ ጀማሉዲንን የማያውቅ የለም፤ ሁለት ጊዜ ሲተኩስ የሰማው ግን የለም። ምግብ ቤቱ የታወቀው በዋኖስ ጥብስ ነው። ማምሻውን ወደ አዋሽ ወንዝ ገደል ይወርዳል፣ ዋኖሶቹ ለማደር ከሚሰፍሩባቸው ግራሮች ሥር ይቀመጣል፣ «ቢስሚላህ» ብሎ አንዴ ይተኩሳል፣ ከዚያ ቢላውን መዝዞ ይሮጣል። የወደቁት ነፍሳቸው ሳይወጣ ካልታረዱ ለእሱም ለደንበኞቹም ሐራም ናቸው። ለሁለተኛ ጥይት የሚቆም ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥንብ ያደርጋቸዋል። በምግብ ቤቱ የሚያርፉት ሹፌሮች ሁሉ «አንድ ጥይት» እያሉ ቢጠሩት ምን ይገርማል?

የዚያ ዓመት ጥር ግን ቀልድ የሚያስጠላ ጥር ነበር። ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያም ከመስጊድ ደጅም ይታፈሳል። የጀማሉዲን ታናሽ ወንድም አብዱሰላም ስሙ ከተጠራ ወዲህ ከግራሮቹ በላይ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ምልክታቸው ቀላል ነበር። አንድ ጥይት ከሰማ፣ ወንድሜ ብቻውን ነው ብሎ ይወርድና ቂጣና ውሃውን ይወስዳል። ሁለት ከሰማ፣ ሰው አለ ማለት ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ዓርብ ጎህ ሳይቀድ አንድ የወሎ ልጅ ሹፌር ከድልድዩ አጠገብ ሊያነሳውና በጭነቱ ሸራ ሥር እስከ ዲቾቶ ሊያደርሰው ቃል ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ጅቡቲ ቅርብ ናት። ብቻ ዓርብ ትድረስ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሣህሌ ከምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ዛሬ እኔም ዋኖስ አድናለሁ፤ ምራኝ» አሉ።

እምቢ የሚባሉ ሰው አልነበሩም። ጀማሉዲን፣ ጠመንጃው በእኔ እጅ ነው፣ ሁለት ተኩሼ ወንድሜን አስጠነቅቀዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሊቀመንበሩ ለምን አንዴ ብቻ እንደሚተኩስ ጠየቁት። ስለ ሙያው ሲጠየቅ አፉን መያዝ አይሆንለትም። የማረዱን ነገር ተናግሮ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

«ደግሞም ጓድ፣ ከአንድ ጥይት በኋላ ጸጥ ላለ ሰው የተበተኑት ተመልሰው ይሰፍራሉ። ባዶ እጁን የሚገባው የሚያዋክባቸው ነው» ብሎ ጨመረበት። ምነው ያኔ ምላሱን በቆረጠው!

ከግራሮቹ ሥር ሲደርሱ ጓድ ሣህሌ እጃቸውን ዘረጉ። «ወዲህ በለው መሣሪያውን።» ባለ ሁለት አፉ የአደን ጠመንጃ ከጀማሉዲን ትከሻ ወደ እሳቸው ትከሻ አለፈ።

ፀሐይዋ ከፈንታሌ ተራራ ጀርባ ስትገባ ዋኖሶቹ መጡ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ከዚያ በመንጋ። ቅጠላቸው የረገፈው ቅርንጫፎች በክንፍ ተንኮሻኮሹ። ጓድ ሣህሌ ተኮሱ፤ ገደሉ አስተጋባ። ከዚያም እንደ ጎበዝ ተማሪ ጠመንጃውን ዝቅ አድርገው ጸጥ አሉ።

ጀማሉዲን ወደ ዓለቱ ቀና አለ። ጠጠር ሲንከባለል የሰማ መሰለው። ከዚያ በኋላ ማሰቡ ቀረና ጠመንጃውን ከሊቀመንበሩ እጅ መንጭቆ ሁለተኛውን ጥይት ወደ ባዶ ሰማይ ለቀቀው።

«አብደሃል እንዴ?»

«ጅብ… ጅብ ያየሁ መሰለኝ፣ ጓድ።»

ጓድ ሣህሌ ትክ ብለው አዩትና ጠመንጃውን ነጠቁት። «ነገ ጠዋት ቀበሌ ቀርበህ ታስረዳለህ» አሉ። ሌሊቱን አንድ ዘብ ከጀማሉዲን ቤት በር ሳይነቃነቅ አደረ።

ሐሙስ ከማለዳ ጀምሮ ጀማሉዲን በቀበሌው በረንዳ አግዳሚ ላይ ተጎለተ። በላይ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ከጎኑ ተቀምጧል። ጀማሉዲን ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል።

«ጋሽ ጀማል፣ የሚበላህ ቁንጫ ነው ወይስ ኃጢአት?» እያለ በላይ ይቀልድበታል።

አንድ ነገር ብቻ ልቡን ያሳርፈው ነበር። በተከፈተው በር በኩል ጠመንጃው ከሊቀመንበሩ ወንበር ጀርባ ተደግፎ ይታየዋል። ጠመንጃው እዚህ እስካለ የሚተኩስ የለም፤ ካልተተኮሰ ደግሞ ልጁ አይወርድም። ዛሬን ጦሙን ይደር፣ ነገ ዓርብ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ጓድ ሣህሌ ጠመንጃውን አንግተው ወጡ።

ጀማሉዲን ተፈናጥሮ ተነሳ። «ጓድ፣ አብሬዎት ልምጣ! ያለ እኔ ቦታውን አያገኙትም!»

«ትናንት አሳይተኸኝ የለም እንዴ? ሙያውንም አስተምረኸኛል።»

«ሁለት ይተኩሱ፣ ጓድ! ሁለት ካልተኮሱ ምንም አይወድቅም!»

«ትናንት ያልከኝ ሌላ ነበር» ብለው ሳቁና ላንድሮቨሩ ውስጥ ገቡ። በላይ የጀማሉዲንን ትከሻ ተጭኖ መልሶ አስቀመጠው።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ጀማሉዲን አደን ከጀመረ አንስቶ ተኳሽ እንዲስት ዱዓ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። ያ አላህ፣ እጁን አንቀጥቅጠው። ይሳት፤ ስቶም ተናዶ ይድገም።

ከገደሉ በኩል ድው አለ።

ጀማሉዲን የአግዳሚውን ጠርዝ ጨመደደ። ድገም። ድገም አንተ ሰው፣ ስለ አላህ ብለህ ድገም። ከባቡር ጣቢያው ዕቃ የሚያራግፉ ሰዎች ጫጫታ ይሰማል፤ ከገደሉ ግን ምንም።

«አየህ፣ ጋሽ ጀማል» አለ በላይ ደስ ብሎት፣ «ጓድ ሣህሌም እንዳንተው ሆኑ። አንድ ጥይት!»

ከዓለቱ እስከ ግራሮቹ የአሥር ደቂቃ ቁልቁለት ነው። አብዱሰላም ከማክሰኞ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ይሄኔ አቧራውን አራግፎ፣ ወንድሙ ብቻውን እንደሚጠብቀው እርግጠኛ ሆኖ፣ መውረድ ጀምሯል።